ስለ አዋላጆች ማስመስከር



በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የተማረ ደቀ መዝሙር፣ ከየትኛውም መምህር እግር ሥር ዓመታትን ቢያሳልፍ ጋይንት ተሻግሮ በቤተልሔም ካላስመሰከረ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተባለውን ዜማ ያጠናውም ዙር አምባ ወጥቶ በሊቁ ፊት ካላሰማ፣ እንደ ሙሉ መምህር ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር አይደፍርም ነበር። በዚህ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቆሜ ስለ ነርሶችና ስለ አዋላጆች ልናገር ስነሣ እስከ ጋይንት መራቄ ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን የማነሣው ጉዳይ ይኸው የምስክርነት ጉዳይ ነው።

የምስክርነቱ ክብደት ከምጥ አደጋ ይመነጫል፤ ምጥም ማዕረግን አይለይም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በጣሊያን ወረራ የስደት ዘመን በለንደን የነርስነትን ሙያ ተምራ፣ ወደ ሀገሯም ተመልሳ፣ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት በወጣትነቷ ዐረፈች፤ በስሟ የታነጸው መታሰቢያ ሆስፒታልም ቀደም ካሉት የነርሶች ማሠልጠኛዎቻችን አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100,000 ሕያዋን ልደቶች የ871 እናቶች ሞት ተገምቶ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ወደ 412 ወርዷል። ይህም ቢሆን በሌሊት ለሚያምጥ ሰው ቀላል ቍጥር አይደለም።

ይህን ሞት እንዲከላከል የምናሠለጥነውን ተማሪ የምንፈትንባቸው መንገዶች ዛሬ በርክተዋል። የጽሑፍ ፈተናው አለ፤ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተናው ተጨምሯል። ሮናልድ ሃርደን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ከዳንዲ ለዓለም ያስተዋወቀው፣ ተማሪው ደወል በተደወለ ቍጥር ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዛወረ የሚፈተንበት ኦስኪም አለ። በክህሎት መለማመጃው ክፍል (ስኪል ላብ) አሻንጉሊት ላይ ሕፃኑን ተቀብላ፣ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን በእጇ አረጋግጣ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደም መፍሰስን የሚከላከለውን ዐሥር ዩኒት ኦክሲቶሲን የምትወጋ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይገባታል፤ አልነፍጋትም። ይሁንና አሻንጉሊቱ አይጮኽም፤ ደም አይፈሰውም፤ የወላዷም አማት በር ላይ ቆማ አታለቅስም።

እንግዲህ እውነተኛው ቤተልሔም የማዋለጃው ክፍል ነው፤ ሊቁም ተማሪው የሠራው በሚመዘገብበት ሎግ ቡክ ላይ የሚፈርመው ሰው ነው። ስለዚህ ፊርማ የምናገረው ከራሴ በደል ጀምሬ ነው፤ በወጣትነቴ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ የሆስፒታል ልምምዱ (አታችመንቱ) ጊዜ ሊያልቅ ሲል ተማሪዎች ያቀረቡልኝን ዐሥራ አንድ የሎግ ቡክ ገጽ በአንድ ምሽት ፈርሜአለሁ። ከዐሥራ አንዱ ያየሁት ሦስቱን ብቻ ነበር። ለስምንቱ ያልሰማሁትን ሰማሁ፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ መመስከሬ ነበር፤ ይህንም አባቶቻችን በሐሰት መመስከር ይሉታል እንጂ የሥራ ብዛት አይሉትም።

በዚህች ከተማ ያለው ችግር ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ከሲዳማ ገጠር፣ ከጌዴኦና ከአርሲ በኩል የሚመጡ ወላዶችን የሚቀበል ሆስፒታል ባለበት ከተማ፣ ተማሪው ከደሴ ወይም ከጅማ ተመድቦ ይመጣል፤ በአማርኛ "ምጡ መቼ ጀመረሽ?" ሲል እናቲቱ በሲዳምኛ ትመልሳለች፤ እርሱም ያልገባውን መልስ እንደገባው አድርጎ ይመዘግባል። ይህን ጕድለት የሚለካ የፈተና ወረቀት እስከ ዛሬ አላየሁም፤ የሚያየው አጠገቡ የቆመ መምህር ብቻ ነው። ያ መምህር ግን በአንድ አልጋ ዙሪያ ስድስት ተማሪ ሲከብበው ለየትኛው ይመሰክራል? ትምህርት ቤቶቻችን የተማሪውን ቍጥር ከአልጋው ቍጥር ጋር ሳያመዛዝኑ መቀበላቸውን ካላቆሙ፣ የፈተናውን ዓይነት ብናበዛው ትርፉ ወረቀት ነው።

ከዓመታት በኋላ የገጠመኝን ልጨምር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አንዲት ተማሪ የምጡን ሂደት የምትመዘግብበትን ፓርቶግራፍ ብቀበል፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሊመዘገቡ የሚገባቸው የሕፃኑ የልብ ምት ነጥቦች እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ በአንድ እስክሪብቶ፣ በቀጥታ መስመር ተደርድረው አገኘሁ፤ ገና ያልደረሰው ሁለት ሰዓት ተሞልቶ ነበር! አልቈጣኋትም፤ ይህን ከማን እንደ ተማረች ዐውቃለሁና። ገጹን ሳልፈርም መለስሁላትና፣ ከሚቀጥለው ተረኛ ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር እንድታድር ነገርኋት።

በሦስተኛው ሌሊት አንዲት የበኵር ልጇን የምታምጥ ሴት አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፣ ድካም አሸንፎኝ "በይ እንጂ፣ የልብ ምቱን መዝግቢና ወደ ሌላዋ እንለፍ" አልኋት። የልብ ምት ማዳመጫውን ፒናርድ በእጇ እንደ ያዘች ሰዓቷን አየችና "ግማሽ ሰዓቱ ሊሞላ አራት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ይጠብቁኝ" አለችኝ። ተቀምጬ ጠበቅኋት።