አፍ ሲደርቅ ቻይናዊው ሐኪም የሚጠይቀው

«አፍዎ ሲደርቅ ውሃ ያሰኝዎታል? ካሰኘዎትስ ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቅ ያለ? ጠጥተው ይረካሉ ወይስ አፍዎን ብቻ አርጥበው ይተዉታል? የሚብስብዎት ቀን ነው ሌሊት?»

ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት አንድ አዳራሽ፣ ተናጋሪዋ ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምና ንግግራቸውን የከፈቱት በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። በሙያቸው ፋርማሲስት ናቸው። የአፍ መድረቅ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ውይይት የሚበቃ ርዕስ ያልመሰለው ታዳሚ ነበር። ሌሊት ጉሮሮው ደርቆ የሚነቃ እጁን ያንሣ ሲባል ግን ብዙ እጅ ወጣ።

ጥያቄዎቹ ለወግ ያህል የሚጠየቁ አይደሉም። በቻይናውያን ሕክምና ጥማትና የአፍ መድረቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መልሱ በተለየ ቁጥር መድኃኒቱም ይለያል። ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ በብርጭቆ እየጠጣ የማይረካ ሰው ጨጓራው ውስጥ ሙቀት ገብቷል ይባላል። ሌሊት አፉ እየደረቀ ጥቂት ጥቂት የሚጎነጭ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ የሚግልበት ደግሞ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ኃይል፣ ዪን የሚሉት፣ አንሶታል። አፉን ተጉመጥምጦ መትፋት እንጂ መዋጥ የማያሰኘው ሰው ደሙ ልክ አይዘዋወርም ተብሎ ይታሰባል። ሰውነቱ ውሃ ይዞ አፉ የሚደርቅበትም አለ።

ከዚያ ምላስ ይታያል። ቀይ፣ የተሰነጣጠቀና ሽፋን የሌለው ምላስ የፈሳሽ ማነስ ምልክት ነው። ወፍራም ቢጫ ሽፋን ሙቀትን፣ ያበጠና ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት ያለው የገረጣ ምላስ የጣፊያን ድካም ይናገራል። ሐኪሙ በመጨረሻ ሦስት ጣቶቹን የእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ የደም ሥር ትርታ ያዳምጣል። ተናጋሪዋ እዚህ ላይ አንድ ምክር ጣል አደረጉ፤ ወደ እንዲህ ያለ ሐኪም የሚሄድ ሰው ቡና ጠጥቶ አይሂድ። ከሦስተኛው ስኒ በኋላ የታየ ምላስ የቡናውን ቀለም እንጂ የሰውየውን ሁኔታ አያሳይም።

የዚህ ሁሉ መሠረት «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ እንደተጠናቀረ ይታመናል። በዚህ ትምህርት የጠጣነውን ጨጓራ ይቀበላል፣ ጣፊያ ወደ ላይ ያነሣል፣ ሳንባ ይረጨዋል፣ ኩላሊት ከታች ያሞቀዋል። ምራቅም ሁለት ዓይነት ነው፤ ስሱ የጣፊያ፣ ወፍራሙ የኩላሊት። ነገሩን ለማስረዳት ተናጋሪዋ የመስኖ ማሳን ጠቀሱ፤ ማሳው የደረቀው ምንጩ ስለነጠፈ፣ ቦዩ ስለተደፈነ ወይም ፀሐዩ ስለበረታ ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም በአንድ መላ አይድኑም።

ዘመናዊው ሕክምና ይህን ካርታ አይቀበለውም። ምራቅ የሚያመነጩት ሦስት ጥንድ ትልልቅ ዕጢዎችና በአፍ ውስጥ የተበተኑ ትንንሾች ናቸው፤ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ያፈልቃሉ። ጣፊያ በነገሩ የለበትም። ተናጋሪዋ ይህን ሳይደብቁ ነው የተናገሩት፤ ቢሆንም ታማሚን እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቅ ሕክምና ሊናቅ እንደማይገባው ያምናሉ። በዚህ ላይ ከእርሳቸው ጋር አለመስማማት ይከብዳል።

ወደ መድኃኒቶቹ ሲገባ አዳራሹ ሞቅ አለ። በሃን ሥርወ መንግሥት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ200 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጃንግ ጆንግጂንግ የተባለ ሐኪም ለብርቱ ጥማትና ለደረቀ አፍ «ነጭ ነብር» የሚባለውን ቅመማ ከጂንሰንግ ጋር አዘዘ። ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ጂፕሰም ነው። «የኮርኒሱ ጂፕሰም?» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት። አዎን፣ ማዕድኑ ያው ነው። ተፈጭቶ ከሩዝና ሊኮሪስ ከሚባለው ጣፋጭ ሥር ጋር ይቀቀላል፤ ቀዝቃዛ ጠባይ አለው ስለሚባል የጨጓራን ሙቀት ያበርዳል ተብሎ ይታሰባል።

የዚሁ ሐኪም ሌላ ቅመማ እስከ ዛሬ በቻይናም በጃፓንም ይሠራበታል። «ማይ መን ዶንግ» በሚባል ነጣ ያለ ትንሽ ሥር ይሰየማል፤ በውስጡ ጂንሰንግ፣ ሩዝ፣ ሊኮሪስና የእኛ ቁርቁራ ዘመድ የሆነው ቀይ ፍሬ አሉበት። የሚታዘዘው ጉሮሮው ለደረቀና ደረቅ ሳል ለያዘው ነው። ውሃ ጠጥቶ ወዲያው ለሚያስመልሰው፣ አፉም ለሚደርቅ ሰው ግን ጃንግ የሚያዘው ተቃራኒውን ነው፤ አምስት ነገሮች ያሉበት፣ ሽንት የሚያሸና ዱቄት። የደረቀ አፍ ላለው ሰው ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት መስጠት እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ በእነርሱ አስተሳሰብ ቦዩ ሲከፈት ውሃው ወደ አፍ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1798 የተጻፈው የዉ ጁቶንግ መጽሐፍ ደግሞ ትኩሳት አፉን ላደረቀበት ሰው አምስት ጭማቂ ያዛል። እነሱም የፒር ፍሬ፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጣፋጭ ሥር፣ የሸምበቆ ሥር፣ ማይ መን ዶንግና የሎተስ ሥር ናቸው። የሎተሱ ቦታ በሸንኮራ አገዳ ሊተካ ይችላል። ዛሬም በመከር ወራት አየሩ ሲደርቅ ቻይናውያን እናቶች ፒር በስኳር ቀቅለው ለልጆቻቸው ይሰጣሉ፤ ይህ ከመድኃኒትነቱ ይልቅ ወደ ምግብነቱ ያደላል፣ ስኳር ለሌለበት ሰውም ጉዳት የለውም።

ከርቤና ዕጣንም በቻይና መድኃኒት ቤት አሉ። ከአፍሪካ ቀንድና ከዓረብ ምድር በንግድ ሲገቡ ኖረው ደም ከሚያዘዋውሩት ተርታ ተመድበዋል። ለደረቀ አፍ ግን ዋና መድኃኒት አይደሉም፤ ተናጋሪዋ ይህን የጨመሩት ቤት ያለው ዕጣን እንዳይታኘክ ፈርተው ይመስላል።

ታዲያ ይሠራል? በደንብ የተፈተነው ቅጠሉና ሥሩ ሳይሆን አኩፓንክቸር፣ የመርፌው ሕክምና ነው። የአንገትና የራስ ካንሰር በጨረር ሲታከም የምራቅ ዕጢዎች ይጎዳሉ፤ ብዙ ታማሚዎች ከዳኑም በኋላ ደረቅ ምግብ ያለ ውሃ መዋጥ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በሻንጋይ ፉዳን ዩኒቨርሲቲና በሂውስተን ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል 399 ታማሚዎችን ተከታትሏል። በጨረሩ ሳምንታት አንዳንዶቹ እውነተኛ መርፌ፣ ሌሎቹ ለማስመሰል ብቻ የተደረገ መርፌ አገኙ፤ የቀሩት የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ። ከዓመት በኋላ ብርቱ የአፍ መድረቅ ያልለቀቃቸው እውነተኛውን ካገኙት 35 በመቶ፣ የማስመሰያውን ካገኙት 48 በመቶ፣ መርፌ ካላገኙት 55 በመቶ ያህሉ ናቸው።

ግን ሁለቱ ከተሞች አልተስማሙም። በሻንጋይ እውነተኛው መርፌ ከማስመሰያው ሲበልጥ፣ በሂውስተን የማስመሰያውም ብዙ ሰው ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ በ258 ሰዎች ላይ የወጣ ሌላ ጥናትም መርፌው ከአፍ ንጽሕና እንክብካቤ ብቻ እንደሚሻል አሳይቷል፤ ከማስመሰያው ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ አስተማማኝ አልሆነም። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት ማስረጃውን ደካማ ብሎት ነበር። እንግዲህ በጨረር ለደረቀ አፍ መሞከር ነውር የለውም፤ ተአምር የሚጠብቅ ግን ገንዘቡን ይያዝ። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬርም የሚከፍለው ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም አኩፓንክቸር እንጂ ለአፍ መድረቅ አይደለም።

ለቅጠላ ቅጠሉ ግን ተናጋሪዋ ፊታቸውን አኮሳተሩ። ሊኮሪስ በብዙ የቻይና ቅመማ ውስጥ አለ፤ ሲበዛ የደም ግፊት ያስነሣል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ሽንት የሚያሸኑ የግፊት ክኒኖች እንደ ፉሮሴማይድ ያሉትም ፖታሲየም ስለሚያወርዱ ሁለቱ ሲገናኙ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ከዚህ የከፋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ለማቅጠኛ በተሰጠ ክኒን አንድ የቻይና ሥር በሌላ መርዛማ ሥር ተተክቶ ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ስማቸው በቻይንኛ የሚቀራረብ ሁለት ዕፅ ነበሩ።

ጥያቄው ሲከፈት መጀመሪያ የተነሡት ነጠላ ያጣፉ እናት ናቸው። «ልጄ፣ እኔ አብሽ ነው የምጠጣው። ቻይናዎቹ አብሽን ያውቁታል?»

«ያውቁታል እማማ። ግን ኩላሊትን የሚያሞቅ፣ ትኩስ ጠባይ ያለው ነው የሚሉት። ሌሊት አፉ ደርቆ ለሚግለው ሰው አይመርጡትም። እርስዎ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«እንግዲያው አብሽ ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ምን ያህል እንደሚጠጡ ለሐኪምዎ ይንገሩ።»

ቀጥሎ የተነሡት አባት ቀልደኛ ነበሩ፤ ሲጠጡ ማደራቸውን፣ ሲነሡ ማደራቸውን ተናገሩና ሰው አሳቁ። ተናጋሪዋ አልሳቁም። ጥማት ሲበዛ፣ ሽንት ሲመላለስና ሰውነት ሲከሳ ቻይናውያኑ ለዘመናት «ሺያዎ ከ»፣ የሚያከሳ ጥማት፣ ሲሉት ኖረዋል፤ በታንግ ዘመን የነበሩ ሐኪሞችም የታማሚው ሽንት እንደሚጣፍጥ ጽፈዋል። ዛሬ ይህ ከስኳር በሽታ ጋር ይያያዛል። «አባቴ፣ ደምዎ መቼ ነው የተመረመረ?» አሏቸው። ቆይቷል። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የኤዋንሲ ምርመራ በዚያው ሳምንት እንዲጠይቁ ነገሯቸው።

የቀረውን ሰዓት የወሰዱት ብዙዎች የሚወስዷቸው ክኒኖች ራሳቸው ናቸው። ለአለርጂና ለጉንፋን የሚወሰዱት፣ ለድብርት የሚታዘዙት፣ ሽንት የሚያሸኑት፤ እነዚህ ሁሉ አፍ ያደርቃሉ። ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል፣ አፍ ውስጥም ፈንገስ ይወጣል። ዓይንም አብሮ ከደረቀ፣ ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን እ.ኤ.አ. በ1933 የገለጸው፣ ይበልጥ ሴቶችን የሚይዘው በሽታ መሆኑ ይጣራ። ማንም ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ እንዳያቆም ግን ደጋግመው አሳሰቡ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ያሉትን ክኒኖች በሙሉ፣ ከቻይና ሰፈር የተገዛውን ሻይና የቤቱን አብሽም ጨምሮ፣ በአንድ ከረጢት ይዞ ሄዶ ለፋርማሲስቱ መዘርገፍ ነው።