ጨዋታ ባለበት ቀን አምቡላንሱ በየት ይለፍ?

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ዕለት፣ ደሴ፣ የቀረበ ንግግር)



ሐኪም ስለ ትራፊክ ምን አገባት የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እንዲያውም አንድ የቀድሞ መምህሬ ርእሱን አይተው «ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?» ብለውኛል። ልክ ናቸው፣ ትንሽ ሆኛለሁ።

ጤና የተማርን ሁሉ ሦስቱን መዘግየቶች እናውቃቸዋለን። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው፤ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ተብሎ እስኪወሰን። ሦስተኛው እኛ ጋ ነው፤ ታካሚው ደርሶ ሕክምና እስኪጀመር። ስለ ሁለቱ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተሠርቷል። መሐል ላይ ያለው፣ የመንገዱ መዘግየት፣ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ተደርጎ ነው የሚታየው፤ ርቀቱ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተብሎ ያበቃል። መንገድ ግን በየቀኑ አንድ አይደለም። ትልቅ ሩጫ ወይም ትልቅ ጨዋታ ባለበት ቀን ያው 25 ኪሎ ሜትር ሌላ መንገድ ነው።

ሁላችሁም ከምታውቁት ልጀምር። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሲጀመር የተመዘገበው 10 ሺህ ሰው ነበር፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ራሱ ሮጦ አሸነፈ። ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው መስቀል አደባባይ ይሰለፋል። እኔም ቲሸርቱን ለብሼ 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሻለሁ፤ ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በጭፈራ። ፖሊስ የሚዘጉትን መንገዶች ቀደም ብሎ ያስነግራል፤ አሽከርካሪዎችም አማራጭ መንገድ እንዲጠቀሙ ያሳስባል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምክር ትርጉም አለው። ዞረህ፣ ተጠማዘህ፣ አንድ ቦታ ትወጣለህ።

የሆነ ሆኖ፣ አማራጭ መንገድ ሞልቶ በተረፈባቸው ከተሞችም ነገሩ ቀላል አልሆነም። አኑፓም ጄና የሚባል የሃርቫርድ ሐኪምና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቦስተን ውስጥ ባለቤቱ ስትሮጥ ሊያይ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ይመለሳል። ማታ ሲነግራት «ታዲያ ዛሬ ሆስፒታል መሄድ የነበረባቸው ሰዎች ምን ሆኑ?» አለችው። ጥናቱ ከዚህች ጥያቄ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ውጤት በ11 የአሜሪካ ከተሞች ማራቶን በተካሄደባቸው ቀናት በድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም በልብ መቆም ሆስፒታል የገቡ አረጋውያንን ይመለከታል። በማራቶን ቀን ከገቡት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 28.2 በመቶ ነበሩ፤ በሌሎቹ ቀናት 24.9 በመቶ። አምቡላንሱ ጠዋት ላይ የዘገየው ስንት መሰላችሁ? በአማካይ 4.4 ደቂቃ። እነዚህ ሰዎች አልሮጡም፤ ብዙዎቹ ሩጫ መኖሩንም ላያውቁ ይችላሉ።

ግን አንድ ወገን ብቻ ብናገር አድሏዊ እሆናለሁ። ዶናልድ ሬደልማየር የተባለው የካናዳ ሐኪም ከባልደረባው ጋር 26 የአሜሪካ ማራቶኖችን የ30 ዓመት መረጃ ሲመረምር፣ 26 ሯጮች በድንገተኛ የልብ ሞት ሞተዋል፤ መንገዱ በመዘጋቱ ደግሞ 46 ያህል የመኪና አደጋ ሞት ቀርቷል ብሎ አስልቷል። ይኸው ሰው የአሜሪካን የእግር ኳስ ፍጻሜ ቀን አጥንቶ፣ ከጨዋታው በኋላ ባሉት ሰዓታት የመንገድ ላይ ሞት በ41 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። የተዘጋ መንገድ ነፍስ ሊያድንም ሊያጠፋም ይችላል ማለት ነው። የትኛው እንደሚያመዝን ደግሞ በግምት አይታወቅም፤ መቁጠር ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሐል እንደ ገመድ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ራሱ የከተማዋ ዋና መንገድ ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ሐረጎን እየተጠማዘዘ 2,500 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ኮምቦልቻ ላይ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ስለሚገነጠል የወደብ ከባድ መኪናም በዚያው አካባቢ ይርመሰመሳል። በዚህ ላይ የደሴ ከተማና የወሎ ኮምቦልቻ ጨዋታ ጨምሩበት። ደጋፊ ሲመጣ ተንጠባጥቦ ነው፤ አንዱ ጠዋት ይመጣል፣ አንዱ ምሳ በልቶ። ሲሄድ ግን በአንድ ፊሽካ ነው። ጨዋታው በ10 ሰዓት ከተጀመረ የሚበተነው 12 ሰዓት ገደማ፣ ዓይን ሲይዝ ነው። ሹፌሩ በድምፅ ብዛት ደንቁሮ፣ ተሳፋሪው በመስኮት ወጥቶ፣ ሐረጎን ቁልቁል። ወልድያም ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት፤ እዚያ የሚሄደው የደቡብ ደጋፊም የሚያልፈው በእኛው በር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተረኛ ሆኜ ሳለ፣ ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ከኮምቦልቻ በኩል ሪፈር ተባለች። ነርሷ ደውላ «ወጥታለች» አለችኝ። ደም አዘጋጅተን በር ላይ ቆምን። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልተገታ ሁለት ሰዓት እንኳ ላይሰጥ እንደሚችል እዚህ ላላችሁ መንገር አያስፈልገኝም። አምቡላንሱ ሐረጎን በደህና ወጥቶ ከተማ ከገባ በኋላ ተያዘ፤ ጨዋታ ተለቆ መንገዱን ሰው ሞልቶታል። ሹፌሩ ሳይረን ቢያሰማ ደጋፊው የጭፈራው አካል መስሎት አብሮ ያጨበጭባል። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ማን ይነግራቸዋል? እናትየዋ ተረፈች፤ ማሕፀኗ ግን አልተረፈም።

የመንገዱ መዘግየት ነው ያንን ያመጣው ብዬ መናገር አልችልም። መዝገቡ ላይ የደረሰችበት ሰዓት እንጂ የተነሣችበት ሰዓት አልተጻፈም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ጥናት እንድንሠራ ነው የመጣሁት። ዩኒቨርሲቲያችን እንደ ዕድል ሆኖ በዚሁ መንገድ ሁለት ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ የሕክምናው ትምህርት ደሴ፣ የቴክኖሎጂው ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ። መንገድ መቁጠር ለሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አዲስ አይደለም። ኮምቦልቻ መውጫ፣ ሐረጎ አናት፣ ደሴ መግቢያ ላይ በየ15 ደቂቃው ምን ያህል መኪና በየትኛው አቅጣጫ እንዳለፈ ይመዝግቡ። የእኛዎቹ ደግሞ የእያንዳንዱን አምቡላንስ ሦስት ሰዓት ይጻፉ፦ የተጠራበትን፣ የተነሣበትን፣ የደረሰበትን። የጨዋታው ቀን እሁድ ከሆነ የሚነጻጸረው ከፊትና ከኋላ ካሉት እሁዶች ጋር ነው። ሰኞን አታስገቡብኝ፤ ባቲም ሰኞ ገበያዋ ነው፣ እዚህም ሰኞ ገበያ አለ። መስከረም 21 አካባቢም አይሆንም፤ የግሸን ተጓዥ ብቻውን ሌላ ጥናት ይወጣዋል። ያም ቢሆን በደንብ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ቅጹ ከሠራልን ለሱም እናውለዋለን።

የስታቲስቲክስ መምህራኖቻችን «ሞትን ለማየት ቁጥሩ ያንሳል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ በአንድ የውድድር ዘመን ስንት ሪፈር ከስንት ጨዋታ ጋር ይገጥማል? ስለዚህ ሞትን ሳይሆን ደቂቃን ነው የምንለካው። ደቂቃ ካወቅን ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱና ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር የምንነጋገርበት ነገር አለን። ጨዋታው በአንድ ሰዓት ቢቀደም፣ ከፊሽካው በፊት አንድ አምቡላንስ ከሕዝቡ ወዲህ አንድ ከወዲያ ቢቆም፣ የደጋፊ ማኅበራቱ ሳይረን ሲሰማ ግራና ቀኝ የሚከፍሉ ልጆች ቢመድቡ፤ የትኛው ስንት ደቂቃ እንደሚያተርፍ እናየዋለን። ጨዋታ ይቅር የሚል ሰው ካለ እኔ አብሬው አይደለሁም። በዚህ ከተማ ወጣቱ በደስታ የሚሰበሰብበት ቦታ ብዙ አይደለም።

የመመዝገቢያው ቅጽ አንድ ገጽ ነው፤ መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። መምህራን ስንት ተማሪ መመደብ እንደምትችሉ ጻፉልኝ፤ ከተመራቂዎች መሐል በጤና ጣቢያ የምትሠሩ ደግሞ የመነሻ ሰዓት መመዝገብ ከነገ ጀምሮ ትችላላችሁ፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሐረጎ ላይ የሚቆጥሩት ልጆች ወፍራም ልብስ ይያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ መኪናውን ከማየታቸው በፊት ድምፁን ነው የሚሰሙት።