ለዓምዶቻችን ስም ስናወጣ፦ በደብዳቤ ውሕደት ውስጥ የመስክ ስሞች አሰያየም



ከዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት ለበርካታ ሠራተኞች የሥራ ልምድ ማስረጃ በአንድ ጊዜ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። ዝርዝሩን በኤክሴል፣ ደብዳቤውን በወርድ ጽፌ በ«ሜይል መርጅ» አዋሐድኋቸው። በማግስቱ አንዲት ሴት ማስረጃዋን ይዛ መጣች። «እኔ አቶ አይደለሁም፤ ይህን ወረቀት ማን ይቀበለኛል?» አለችኝ። የተወዳደረችበት የሥራ ቦታ ምዝገባ የሚዘጋው በዚያው ዕለት ነበር፤ ፈራሚው ኃላፊ ደግሞ ከከተማ ወጥተዋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «አቶ» የሚለውን ቃል በደብዳቤው አካል ላይ ጻፍሁት እንጂ በሠንጠረዡ ላይ «ማዕረግ» የሚል ዓምድ አላበጀሁም ነበር።

የውሕደቱ አሠራር ቀላል ነው። በሠንጠረዡ እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ ሰው መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ መስክ ነው፤ የመጀመሪያው ረድፍ የመስኮቹን ስም ይይዛል። በደብዳቤው ውስጥ የምናስገባው ያንን ስም ነው። ብዙዎቻችን ግን ከሁሉ በላይ «የተመራቂዎች ዝርዝር» የሚል ርእስ በትልቁ መጻፍ እንወዳለን። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ርእሱን የመጀመሪያው መስክ ስም አድርጎ ይወስደውና የቀሩትን «ኤፍ2»፣ «ኤፍ3» እያለ በራሱ ይሰይማቸዋል። ርእሱን ለሚታተመው ወረቀት እናቆየው። በመስክ ስም ውስጥ ነጥብና ሕዝባር ባይገቡም ይሻላል፤ ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ምልክት ይለውጣቸዋል።

አሁን ወደ ስማችን ልምጣ፤ ጠለቅ ብለን ልናየው የሚገባው ይህ ነው። ወርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኘው የሰላምታ መስመር የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። ከማዕረግ ቀጥሎ የመጨረሻውን ስም ይጠራል። እኛ ደግሞ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባት፣ ከዚያም የአያት ስም ነው። ስለዚህ የአባትን ስም ከ«የመጨረሻ ስም» ጋር ያጣመረ ሰው ለልጁ የጻፈውን ደብዳቤ ለአባትየው ይልካል። ሦስቱን በአንድ «ሙሉ ስም» ዓምድ ማጨቅም አይበጅም፤ «ውድ ወ/ሮ አልማዝ» ለማለት ስንፈልግ እስከ አያቷ ድረስ ልንጠራ ነው። «ማዕረግ»፣ «ስም»፣ «የአባት_ስም»፣ «የአያት_ስም» ብለን ብንለያይ ግን እንደ ፍላጎታችን እናቀናጃቸዋለን። ለተማሪዎች በምንጽፈው ደብዳቤ «ተመርቋል»ና «ተመርቃለች» ስለሚለያዩ «ጾታ» የሚል መስክም ያሻል።

ጾታ ስል ግን ጠንቀቅ በሉ። በጸሎቱ ጸ ወይስ በፀሐዩ ፀ? ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። በሠንጠረዡ «ፆታ»፣ በደብዳቤው «ጾታ» ከተባለ ወርድ መስኩ የለም ይላል። «ስም»ና «ሥም»ም እንዲሁ። የቋንቋ ምሁራኖቻችን ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚያደርጉትን ክርክር አከብራለሁ፤ ጸሐፊዋ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አትችልም። አንዱን መርጣ እርሱኑ ትጻፍ።

ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። ጳጉሜ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.ን «5/13/2015» ብላችሁ ብትጽፉ፣ በአሜሪካ አቀማመጥ የተስተካከለ ኤክሴል ሜይ 13 ነው ብሎ በደስታ ይቀበላችኋል። ስለዚህ «ቀን»፣ «ወር»፣ «ዓመት» የሚሉ ሦስት ዓምዶች አብጁ፤ ወሩንም በቃል ጻፉት። የስልክ ቁጥር ዓምድንም አስቀድማችሁ ወደ ጽሑፍ ለውጡት፤ ካልሆነ ከፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል።

ያቺ ሴት? ተወካይ ፈራሚ አፈላልገን ማስረጃዋን ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወሰደች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

አሁን በስክሪኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ሆን ብዬ አምስት ስሕተቶች አስቀምጫለሁ፤ ከኋላ ከተቀመጣችሁት እንጀምር።