ፊደልን ሳይቈርጡ ስለ መቀበል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የኮምፒዩተር ማኅበር ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ ልናስረዳችሁ የተነሣንበት ጉዳይ ስሙን ብቻ ለሰማው ሰው ደረቅ ነገር ይመስላል። አንድ ሰው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ አንድ መስመር ሲጽፍ፥ ያ መስመር ከጣቱ ተነሥቶ እስከ ፕሮግራሙ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ጥያቄው ይኸው ነው። ነገር ግን በዚህች አጭር መንገድ ላይ የአንድ ተማሪ ስም ተቈርጦ ሊቀር፥ ቍራጩም የሌላ ተማሪ ስም ሆኖ ሊመዘገብ እንደሚችል ጥቂት ቈይተን እናሳያችኋለን።

እኛ የማኅበሩ አባሎች በዚህ ዓመት ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንዲት ትንሽ ኤዲተር፥ ማለት የጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ፕሮግራም፥ ሠርተናል። መስኮትና ሥዕል የላትም። ተርሚናል በሚባለው፥ ፊደል ብቻ በሚታይበት ገጽ ላይ ትሠራለች። እንዲህ ያለችውን የመረጥነው በክፍላችን ያሉት ኮምፒዩተሮች ዕድሜያቸው የገፋ ስለ ሆነ ከባድ ፕሮግራም ስለማይሸከሙ ነው። ደግሞም ባለ መስኮት ፕሮግራም አብዛኛውን ሥራ ሌላ ሰው አስቀድሞ የሠራለት ስለ ሆነ፥ ተማሪ ከውስጡ ያለውን ለማየት አይመቸውም። የተማሪዎችን ስም ዝርዝርና ለዚህ መጽሔት ከቀረቡት ጽሑፎች አንዳንዶቹን የጻፍነው በእርሷ ነው።

(ዘመናቱን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንደምንጠራ አስቀድማችሁ ዕወቁልን።)

ተርሚናል ዛሬ በመስተዋት ላይ የሚታይ ገጽ ይሁን እንጂ አባቱ የወረቀት መኪና ነው። በ1963 የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፎች የነበሩት ሲሆን፥ በአንድ ሴኮንድ 10 ፊደል በወረቀት ላይ ያትም ነበር። በ1969 በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ሲጀምሩ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገሩት በእንዲህ ያለ መኪና ነበር። በወረቀት ላይ የታተመ ፊደል ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህም አንድ ብልሃት ተበጀ፤ የተሳሳተ ሰው # የሚለውን ምልክት ሲመታ ከእርሱ በፊት ያለው አንድ ፊደል እንደ ተሰረዘ ይቈጠራል፤ @ ሲመታ ደግሞ መስመሩ በሙሉ ይሰረዛል። በእኛ ፊደል ምሳሌ ብንሰጥ፥ በወረቀቱ ላይ «ሰማ#ላም» ተብሎ ሲታይ ኮምፒዩተሩ የሚቀበለው «ሰላም» የሚለውን ነው።

ይህ ብልሃት የሚሠራው ግን መስመሩን እስኪያልቅ ድረስ የሚይዝ ባለ ዐደራ ሲኖር ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ አስቡት። ባለ ጉዳዩ ይናገራል፥ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ባለ ጉዳዩ «አይ፥ ይኸን ተወው» ሲል ይሰርዛል፤ ዳኛው ግን ያለቀውን ማመልከቻ እንጂ ስርዝ ድልዙን አያይም። በዩኒክስም፥ ዛሬ እኛ በምንሠራበት በሊኑክስም ውስጥ፥ በኪቦርዱና በፕሮግራሙ መካከል እንዲህ ያለ ጸሐፊ ተቀምጧል። የተመታውን ፊደል በገጹ ላይ ያሳያል፤ ባክስፔስ ሲመታ ይሰርዛል፤ ኤንተር እስኪመታ ድረስ ለፕሮግራሙ አንዲት ፊደል አይሰጥም። ትዕግሥቱ ግን ወሰን አለው። በሊኑክስ አንድ መስመር ከ4095 ባይት ሲያልፍ ትርፉን ይጥለዋል።

ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ካሉት ቍጥሮች አንዱን የሚይዝ ትንሽ ቦታ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ባይት ይገባል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ሲሆን፥ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ብለን ስንጽፍ ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው 225፥ 136፥ 176፤ ቀጥሎ 225፥ 136፥ 139፤ ቀጥሎ 225፥ 136፥ 157 ብሎ ነው። ለሦስት ፊደል ዘጠኝ ቍጥር መሆኑ ነው። እንግዲህ የጸሐፊው 4095 ባይት ለእኛ 1365 ፊደል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስሙ ነገር እንመለስ። በሲ ቋንቋ አንድ መስመር ከጸሐፊው የሚቀበሉ የታወቁ መሣሪያዎች አሉ። ጌትስ የተባለው የቀድሞ መሣሪያ የሚቀበልበት ሣጥን ስንት እንደሚይዝ ሳይጠይቅ የመጣለትን ሁሉ ያፈሳል። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 በኢንተርኔት ላይ የተለቀቀው «ትል» የተባለ ፕሮግራም ወደ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ከገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ 512 ባይት ለሚይዝ ሣጥን 536 ባይት ላከበት፥ ትርፉም ፈስሶ የፕሮግራሙን አካሄድ አስለወጠ። በ2011 በወጣው የሲ ደንብ ጌትስ ጨርሶ ተሰርዟል፤ ስለዚህ እኛም በእርሱ ላይ ጊዜ አናጠፋም።

በእርሱ ፈንታ የሚመከረው ኤፍጌትስ ነው። ኤፍጌትስ የሣጥኑን ልክ ይጠይቃል፤ ልኩ ሲሞላ ያቆማል። ፕሮግራሙም አይፈርስም። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት እዚህ ላይ ደርሰው ያበቃሉ፤ ለእኛ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለአንድ ስም 20 ባይት ተመደበ እንበል። ኤፍጌትስ አንዱን ለመዝጊያ ምልክት አስቀርቶ 19 ይቀበላል። ወልደ ገብርኤል የሚባል ተማሪ መጥቶ ስሙን ጻፈ። «ወልደ» 9 ባይት፥ ክፍት ቦታው 1 ባይት፥ «ገብር» 9 ባይት፤ ድምሩ 19። ሣጥኑ ሞላ! በመዝገቡም ላይ «ወልደ ገብር» ተብሎ ተጻፈ። ፊደል አልተሰበረም፤ ኮምፒዩተሩም ስሕተት አለ ብሎ አልተናገረም፤ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ሁሉ ደኅና ስም ነው ብሎ ያልፈዋል።

የቀረው «ኤል» ወዴት ሄደ? አልጠፋም፤ በመንገድ ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ፕሮግራሙ የሚቀጥለውን ተማሪ ስም ሲጠይቅ፥ ያ ተማሪ ገና ጣቱን ሳያነሣ «ኤል» ቀድሞ ገብቶ በእርሱ ቦታ ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ታች ይወርዳሉ። ስምና ማርክ በተራ ቍጥር የሚገናኙ ከሆነ የአንዱ ማርክ ለሌላው ይሆናል ማለት ነው። ሣጥኑ 16 ባይት ቢሆን ኖሮ «ወልደ ገ» ካለ በኋላ ከ«ብ» ሦስት ባይት ሁለቱን ብቻ ይዞ ይቈም ነበርና፥ በገጹ ላይ እንግዳ ምልክት ይወጣ ነበር። ከሁለቱ ጥፋት እኛ ይህኛውን እንመርጣለን፤ ቢያንስ ይታያልና።

«ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉትና ተገላገሉ» የሚሉን ሰዎች አሉ። ይህን አልተቀበልነውም። ወልደ ገብርኤልን በላቲን ፊደል ሁለት ሰዎች ቢጽፉት ሁለት ዓይነት አድርገው ይጽፉታል፤ አንዱም ተማሪ በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሣጥኑን እንጂ ስሙን አልነካንም። ፕሮግራማችን አንድ መስመር በተቀበለ ቍጥር የመጨረሻው ባይት የኤንተር ምልክት፥ ማለት 10 ቍጥር፥ መሆኑን ይመረምራል። ካልሆነ መስመሩ ገና አላለቀምና ሣጥኑን እጥፍ አድርጎ ቀሪውን ይቀበላል፤ ኤንተር እስኪገኝ ድረስም እንዲሁ ይቀጥላል።

እስካሁን የተናገርነው ሙሉ መስመር መጠበቅ ለሚበቃው ፕሮግራም ነው። ኤዲተር ግን እያንዳንዱ ቁልፍ በተመታበት ቅጽበት ማወቅ አለባት፤ ስለዚህም ጸሐፊውን ማሰናበት ግድ ይሆናል። ተርሚዮስ የሚባል የደንብ ዝርዝር አለ፤ ያለውን ደንብ ቲሲጌትአትር በሚባለው ትእዛዝ ቀድተን፥ ከቅጂው ላይ አይካኖንና ኤኮ የተባሉትን ምልክቶች አጥፍተን፥ ቲሲሴትአትር በሚባለው መልሰን እናስገባዋለን። ሥራው ጥቂት መስመር ነው። ሠራተኛውን ያሰናበተ ግን ሥራውን ራሱ ይሠራል! ፊደሉን በገጹ ላይ የምናሳየው እኛ ነን። ኮንትሮል ኤስ ሲመታ ገጹ ደርቆ እንዳይቀር የምንከለክለው እኛ ነን፤ ይህ ቁልፍ ለብዙ ሰው «አስቀምጥ» ማለት ሲሆን፥ ለተርሚናል ግን ከቴሌታይፕ ዘመን ጀምሮ «ቁም» ማለት ነው። ወደ ላይ የሚያመለክተው የቀስት ቁልፍ ሲመታ 27፥ 91፥ 65 የሚሉ ሦስት ቍጥሮች ይመጣሉ፤ ኢስኬፕ የሚባለው ቁልፍ ብቻውን ሲመታ ደግሞ 27 ብቻ ይመጣል። ሁለቱን ለመለየት ከ27 በኋላ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ያህል ከመጠበቅ የተሻለ ዘዴ አላገኘንም። ሲወጡም የቀድሞውን ደንብ መመለስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተጠቃሚው የሚጽፈው ሁሉ አይታየውም። ፕሮግራሟ በድንገት በኀይል ከተገደለች ይህን ማድረግ አትችልምና፥ በዚያን ጊዜ ሳያዩም ቢሆን «ኤስቲቲዋይ ሴን» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ኤንተር መምታት ነው።

ዋናው ሥራ መሰረዝ ነው። ባክስፔስ ሲመታ 127 ቍጥር ይመጣል። ለእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የታሰበ ፕሮግራም የመጨረሻውን አንድ ባይት ጥሎ ሥራዬን ጨረስሁ ይላል። «ሰላም» ላይ ይህን ቢያደርግ 157 ይወድቅና 225 እና 136 ይቀራሉ፤ እነዚህም ፊደል አይደሉም። የተሰናበተው ጸሐፊም ካልተነገረው በቀር ይህንኑ ያደርግ ነበር። እንዲያውም የእርሱ የባሰ ነው፤ ባክስፔስ ሦስት ጊዜ ሲመታ በገጹ ላይ ሦስቱም ፊደሎች ይጠፋሉ፥ በእጁ ያለው ግን «ም» ብቻ ጠፍቶ «ሰላ» እንዳለ ነው። ዓይን ባዶ ያያል፥ ፕሮግራሙ «ሰላ» ይቀበላል። በሊኑክስ ይህን የሚያርም አይዩቲኤፍ8 የሚባል ምልክት ከ2004 ጀምሮ በተርሚዮስ ውስጥ ይገኛል።

መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው። በዩቲኤፍ-8 ከ128 እስከ 191 ያሉት ቍጥሮች ፊደል አይጀምሩም፤ ተከታዮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከመጨረሻው ተነሥተን ወደ ኋላ እየሄድን ተከታይ ያልሆነ ቍጥር እስክናገኝ እንሰርዛለን። 157 ተከታይ ነው፤ 136 ተከታይ ነው፤ 225 ግን መሪ ነው፤ እርሱንም ሰርዘን እናቆማለን። አንድ ሙሉ ፊደል ሄደ። ይህን ሥርዓት ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በሴፕቴምበር 1992 በኒው ጀርሲ በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው በገበታ ወረቀት ላይ ነደፉት። የእኛ ፊደል ከ7 ዓመት በኋላ ሲመጣ ሥርዓቱ አንዲት ነገር ሳይለወጥለት ተቀበለው፤ ጥሩ ንድፍ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

በሲ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ፥ ይህን በተለይ ለታናናሾቻችን እንነግራለን። ቻር የሚባለው የሲ ዓይነት በእኛ ኮምፒዩተሮች ላይ ከ−128 እስከ 127 ያለውን ይይዛል እንጂ ከ0 እስከ 255 አይደለም። ስለዚህ 225 ሲነበብ −31 ይሆናል፤ 157ም −99። «ቍጥሩ ከ128 አያንስምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ዘወትር «ያንሳል» ነው፤ ሥርዓቱም በጽሑፍ ትክክል ሆኖ ሳለ በሥራ ከንቱ ይሆናል። አንሳይንድ ቻር ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ ፊደሎች ሁሉ ከ128 በታች ስለ ሆኑ፥ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚፈትን ሰው ይህን ዓመት ሙሉ ቢሠራበት አያገኘውም።

የመሰረዙ ነገር ለሚሳሳት ሰው ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያ መርሐ ግብሮች «ላ»ን ለመጻፍ በመጀመሪያው ቁልፍ «ል»ን ያወጣሉ፤ ሁለተኛው ቁልፍ ሲመታ ራሳቸው ባክስፔስ ልከው «ል»ን ያስጠፉና «ላ»ን ይተካሉ። እንግዲህ ባክስፔስን በትክክል የማትቀበል ኤዲተር ምንም ያልተሳሳተውን ጸሐፊ ጽሑፍ ሳይቀር በየፊደሉ ታበላሽበታለች።

ያልጨረስነው ሥራ አለ። ፊደላችን 3 ባይት ሆኖ በተርሚናሉ ላይ የሚይዘው 1 ዓምድ ስለ ሆነ ኤዲተሯ ባይቱንና ዓምዱን ለየብቻ ትቈጥራለች። የጥብቀት ምልክት ግን ሌላ ነው። በዓሉን «ገና» «ገና አልደረሰም» ከሚለው «ገና» ለመለየት በ«ና» ላይ የሚደረገው ምልክት እርሱም 3 ባይት ሲሆን፥ ዓምድ ግን አይዝም፤ በፊደሉ ራስ ላይ ይቀመጣል። ባክስፔስ ሲመታ ምልክቱ ብቻ ይሂድ ወይስ ፊደሉም አብሮ? በማኅበራችን በዚህ ላይ ክርክር ተደርጎ በድምፅ ብልጫ ምልክቱ ብቻ እንዲሄድ ተወሰነ። ጥቂቶቻችን እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ የአማርኛ መምህራኖቻችን አሳብ ቢሰጡበት ደስ ይለናል። ከገጹ ወርድ የሚረዝም መስመርም እንዴት እንደሚታጠፍ ገና እየሠራንበት ነው።

ኤዲተሯ ከዚህ ንግግር በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ተከፍታ ትቈያችኋለች። ወላጆችም ተማሪዎችም ገብታችሁ የአያታችሁን ስም ጨምራችሁ ሙሉ ስማችሁን ብትጽፉባት፥ ከዚያም ባክስፔስን እየመታችሁ ፊደል በፊደል ብትሰርዙት ይጠቅመናል። ረጅም ስም ያላችሁ ቅድሚያ ይሰጣችኋል።