4060 ወይስ 3060? ቁጥሩ ማዕረግ አይደለም

ዛሬም ከአሽከሎን ነኝ። የዛሬው ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ጌም የማትጫወቱም አትዝጉት፣ ወደ እናንተም ይመጣል።

ጥያቄው አጭር ነው። አዲስ አርቲኤክስ 4060 ከሱቅ ይሻላል ወይስ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ከያድ 2? ብዙ ልጆች «4060 ከ3060 ይበልጣል፣ ምን ያከራክራል?» ይሉኛል። እሺ፣ ጻባ ውስጥ ማዕረጉ ከፍ ያለው ያዛል። እዚህ ግን እንደዛ አይሄድም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የትውልዱን ዘመን ነው የሚነግሩን፤ ካርዱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ከፍቶ ማየት ነው።

እንክፈተው። 3060 የወጣው በ2021 የካቲት አካባቢ ነው፣ በ329 ዶላር። 3584 ኩዳ ኮር፣ 12 ጊጋ ሚሞሪ፣ በሴኮንድ 360 ጊጋ የሚያመላልስ፣ 170 ዋት የሚበላ። 4060 በ2023 ሰኔ መጨረሻ በ299 ዶላር ወጣ። 3072 ኮር፣ 8 ጊጋ ሚሞሪ፣ በሴኮንድ 272 ጊጋ፣ 115 ዋት። አያችሁ? አዲሱ በኮርም፣ በሚሞሪም፣ በማመላለሻም ያንሳል! እንዲያም ሆኖ ጌም ላይ በተለመደው 1080 ስክሪን 20 በመቶ ገደማ ይቀድማል። ለምን? አንደኛ፣ ኮሮቹ በጣም ይፈጥናሉ፤ 2.46 ጊጋኸርዝ ድረስ ይሄዳሉ፣ የ3060 ግን 1.78 አካባቢ ነው። ሁለተኛ፣ ቺፑ ውስጥ ያለችው የቅርብ ማስቀመጫ፣ ካሽ የምንላት፣ ከ3 ሜጋ ወደ 24 ሜጋ አድጋለች። ወጡ እጅህ አጠገብ ካለ ወደ ኩሽና መመላለስ ይቀንሳል፣ በቃ እንደዛ ነው።

ፍሬም ጄኔሬሽን የሚሉትም አለ፤ ካርዱ በሁለት ሥዕል መሀል ሌላ ሥዕል ራሱ ፈጥሮ ያስገባል። 4060 አለው፣ 3060 የለውም። በማስታወቂያ ላይ የምታዩት ትልልቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ለታሪክ ጌም እወደዋለሁ፣ ለተኩስ ጌም አልወደውም፤ ዓይን ለስላሳ ያያል፣ እጅ ግን ያንን ፍጥነት አያገኝም።

ስለ ዋቱ ደግሞ ምን ልበላችሁ። የ55 ዋት ልዩነት በቀን አራት ሰዓት ብትጫወቱ በዓመት 80 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በኛ የመብራት ዋጋ፣ አንዱን በ60 ምናምን አጎሮት ብናስበው፣ ወደ 50 ሸቀል። በዓመት! ለዚህ ብላችሁ ካርድ አትምረጡ። ሙቀቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ካርዱ የበላው ዋት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ስንቶቻችን ነን ኮምፒውተራችን ማማድ ውስጥ ያለው? ወፍራም ኮንክሪት፣ አንድ መስኮት፣ በነሐሴ የባሕሩ እርጥበት ተጨምሮበት። እዚያ 170 ዋት ይሰማል።

እስከዚህ ድረስ 4060 አሸናፊ ይመስላል። ለጌም ብቻ ለሚፈልግ ሰው እኔም እሱን ነው የምለው።

የአክስቴ ልጅ ግን ለጌም ብቻ አይደለም የፈለገው። ከጻባ ከወጣ ሁለት ወሩ ነው። ፒካዶኑን እንደምታውቁት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለትምህርት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ለቤት ወይም ሥራ ለመክፈት ካልሆነ አይነካውም። ማናኩ ግን እጁ ላይ ነው፣ እና ከእሱ ላይ ነው የሚያወጣው። ያቺ ገንዘብ ሁለተኛ አትመጣም። አያታችን ከጎንደር ገጠር ተነሥተው ሱዳን ድረስ በእግር የሄዱበትን መንገድ ሲተርኩ ብዙ ሰዓት ድምፅ ቀርጿል። ያንን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ይፈልጋል፤ ከዚያ አማርኛ ለማያነቡት ለታናናሾቻችን ወደ ዕብራይስጥ።

«ኢንተርኔት ላይ ጫነውና ይሥራልህ» አልኩት። እሳቸው እንቢ አሉ። መንገድ ላይ የሞቱ ሰዎች ስም አለበት፣ የሰው ቤት ሐዘን ነው፣ ከቤት አይውጣ አሉ። ትክክል ናቸው። ስለዚህ ሥራው እዚሁ ቤት፣ በራሱ ካርድ መሠራት አለበት።

እዚህ ላይ ነው 8 እና 12 የሚለያዩት። ኦፕንኤአይ በ2022 ያወጣው ዊስፐር የሚባል ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም አለ፣ በነፃ፣ ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ። ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች መሀል አማርኛም ተዘርዝሯል። ትልቁ ሞዴል 10 ጊጋ ያህል ሚሞሪ ይፈልጋል ብለው ራሳቸው ጽፈዋል። 12 ላይ ይገባል፣ 8 ላይ እንዳለ አይገባም። አዎ፣ አውቃለሁ፣ አሁን ትጽፉልኛላችሁ፤ ተጨምቆ 8 ላይ የሚሠራ አለ። አለ። ግን ዊስፐር የሚጽፈው አማርኛ ብዙ የሚታረም ነው፣ የገጠር ጎንደር አነጋገር ሲሆንማ አትጠይቁኝ። እንዲሻሻል በራሳችሁ ድምፅ ማሠልጠን ያስፈልጋል፣ ማሠልጠን ደግሞ ከማሠራት የበለጠ ሚሞሪ ይበላል። ሚሞሪ ሲሞላ ወይ ሥራው ይቆማል፣ ወይ የኮምፒውተሩን ራም እየተበደረ ይጎተታል። ኮሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ይጠብቃል።

ለኛ ቋንቋ ሌላም ነገር አለ። በኮምፒውተር አንድ ፊደላችን በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። የቋንቋ ሞዴሎችም አማርኛን ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛ ይልቅ በብዙ ቁራጭ ይሰባብሩታል፤ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲሆን የበለጠ ቦታ ይይዛል። ሚሞሪ የሚያንሰን እኛ ነን ማለት ነው።

ስለዚህ ለእሱ ያገለገለውን 3060 ብያለሁ። በጌም 20 በመቶ ይቀርበታል፣ ይቅር። ብሌንደር ለምትማሩም ትልልቅ ትዕይንት ስትሠሩ ሚሞሪው እንዲበቃችሁ አስቡ፤ ዩቲዩብ ላይ በቀጥታ ለምታስተላልፉ ግን 4060 ኤቪ1 በሚባለው አዲስ ዓይነት ቪዲዮ መጭመቅ ይችላል፣ 3060 ማጫወት እንጂ መጭመቅ አይችልም። በ2025 የወጣው 5060 ይሻላል ወይ ለምትሉም፣ እሱም የመጣው በ8 ጊጋ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። 3060 ባለ 8 ጊጋም አለ፣ በ2022 መጨረሻ ላይ የወጣ፣ ስሙ ያው ነው፣ ማመላለሻውም ጠባብ ነው። ማስታወቂያው ላይ «3060» ብቻ ከተጻፈ ጠይቁ። ሻጩ ቤት ሄዳችሁ ካርዱ ተሰክቶ ሲሠራ እዩ፣ ጂፒዩ-ዜድ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱና 12 ጊጋ፣ 192 ቢት ማለቱን አረጋግጡ። አንድ ከባድ ጌም ለሃያ ደቂቃ አስኪዱለት፤ ፋኑ ከጮኸ ወይ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ደኅና ዋሉ ብላችሁ ውጡ። ሻጩ በባሕሩ በኩል የሚኖር ከሆነ ብሎኖቹንና የኋላውን ብረት በስልካችሁ መብራት እዩ። የኛ ጨው አየር የበር ማጠፊያ እንኳ ይበላል። ዝገት ካያችሁ ዋጋ አታስቀንሱ፣ ሌላ ካርድ ፈልጉ።

በሚቀጥለው ፓወር ሳፕላይ ነው። ጥያቄያችሁን በድምፅም ላኩልኝ፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም።