የልብ ትርታ ሲዛባ፣ ምርመራውም ቁርጥ መልስ ሲያጣ
በመገናኛ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



በመገናኛ የታክሲና የባቡር ግርግር መካከል ወደ ሥራው የሚጣደፍ ምእመን ድንገት ልቡ ስትዘል፣ ስትፈጥን፣ ትርታዋንም ስትስት ይሰማዋል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ግን ምርመራው ደኅና ነው ይባላል። ሕመሙ ይመለሳል፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ቤተሰቡ «ጭንቀት ነው» ይላል፤ ጎረቤቱም ሌላ ስም ያወጣለታል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ከሕመሙ ሌላ አለመታመን ይጨመርበታል።

ነገሩን እንረዳው። በተለምዶ ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ የሚመዘግበው የ10 ሰከንድ ያህል ትርታ ብቻ ነው። መጥቶ የሚሄድ መዛባት በዚያች ቅጽበት ካልተነሣ አይታይም። ስለዚህም ሐኪሙ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በደረት ላይ የሚቆይ መመዝገቢያ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የደምና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም መንሥኤው ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ አደገኛ ባይሆንም በአገራችን ጥንቃቄ የሚያሻው ምክንያት አለ፤ በልጅነት በሚገባ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ የልብ በሽታ የልብን በሮች ይጎዳል፤ ትርታንም ያዛባል፤ ደም በልብ ውስጥ እንዲረጋ አድርጎም ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ሕመምተኛውን እንመነው። ሕመሙ የተነሣበትን ሰዓትና የቆየበትን ጊዜ፣ ቡና ጠጥቶ ወይም እንቅልፍ አጥቶ እንደ ነበር እንዲጽፍ እንርዳው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በእጅ አንጓ ላይ ትርታ መቁጠርን ቢማሩ ይጠቅማል፤ ያረፈ አዋቂ ሰው ትርታ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው።

ሁለተኛ፣ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። የደም ማቅጠኛ ወይም በየወሩ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘለት ሰው ጠበል ሲገባ እንዳያቋርጥ የንስሐ አባቱ ይምከሩት፤ ጾሙንም የሐኪሙን ቃል ሰምተው ይወስኑለት።

ሦስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤው ለተደጋጋሚ ምርመራ የመጓጓዣና የሕክምና ወጪ ላጠረው ከበጎ አድራጎት ገንዘቡ ይደግፈው፤ የሚሸኘውም ሰው ይመድብለት።

ራሱን የሳተ፣ ደረቱን ያመመው፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ አፉ የተጣመመ ወይም ግማሽ አካሉ የዛለ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ወዲያው ሆስፒታል ይድረስ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ቁርጥ መልስ ሳያገኙ መኖር ከባድ ነው። ሐኪሙ «ገና አልታወቀም» ባለው ዘመን ሁሉ አጥቢያው ከሕመምተኛው አይለይ። እግዚአብሔር ለሕሙማኑ ምሕረትን፣ ለእኛም ትጋትን ይስጠን፤ አሜን።