የ57 ሳንቲም ዕቃ

እሱ፦ የመኪና አምራቹን የጄኔራል ሞተርስን ጉድ ያወጣችው ቁልፍ የሚገባባት የሞተር ማስነሻዋ ናት። ቁልፉ ላይ ብዙ ነገር ከተንጠለጠለ ወይም የሹፌሩ ጉልበት ከነካው፣ መኪናው እየሄደ ሊጠፋ ይችላል።

እሷ፦ መጥፋቱስ ባልከፋ! መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ይጠነክራል፣ ኤርባጉም አይከፈትም።

እሱ፦ መሐንዲሶቹ አላወቁም?

እሷ፦ አንዳንዶቹ ያውቁ ነበር እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2006 ዕቃው በተሻለ ሲተካ መለያ ቁጥሩ ሳይቀየር ቀረ። በኋላ የሚመረምር ሰው አሮጌውን ከአዲሱ በምን ይለየው? ከብልሽቱ ይልቅ የሚያስቆጣው ይሄ ነው።

እሱ፦ 2.6 ሚሊዮን መኪኖች ለጥገና የተጠሩት በ2014 ነው። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሳ ፈንድ በ124 ሟቾች ስም የቀረበውን ጥያቄ ተቀብሏል።

እሷ፦ ለኮንግረስ እንደተነገረው ደግሞ የዕቃው ዋጋ 57 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር!

እሱ፦ ኩባንያው በ2015 900 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በግሉ የተከሰሰ ኃላፊ ግን የለም።